የኤርፎን ኢኳላይዘር፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገሮች

ስልካቸውን አውጥተው «እስቲ ይቺን አስተካክልልኝ» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። ማኪያቶ ይጋብዙኛል፣ እኔም አስተካክላለሁ፣ ከሳምንት በኋላ ሁሉንም አበላሽተው ተመልሰው ይመጣሉ። ማኪያቶው ባይከፋም መልሶቹን አንድ ቦታ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው። የማወራው ጎማ ኖሯቸው ጆሮ ውስጥ ስለሚገቡት ኤርፎኖች ነው። ባለገመድም ብሉቱዝም ይሁን፣ ነገሩ አንድ ነው።

ኢኳላይዘር ከቮሊየም በምን ይለያል?

ቮሊየም ሁሉንም እኩል ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ኢኳላይዘር ግን ወፍራሙን፣ መሃለኛውን፣ ቀጭኑን ድምፅ መርጦ ነው የሚነካው። ወጥ ብለን ብናስበው፣ ቮሊየም ጭልፋው ነው፣ ብዙ ወይም ትንሽ ያወጣል። ኢኳላይዘር ደግሞ ጨውና በርበሬውን ለየብቻ ይነካል። እንደውም ከወጥ የሚሻልበት ነገር አለ፤ የበዛውን ጨው መልሶ ማውጣት ይችላል። ብዙ ሰው ግን ይህቺን ረስቶ መጨመር ብቻ ነው የሚያውቀው። ከሚመጡልኝ ስልኮች አብዛኞቹ ላይ ሁሉም መስመሮች (ከፍ ዝቅ የሚሉት መቆጣጠሪያዎች) ወደ ላይ ተሰቅለው ነው የማገኛቸው። ሁሉንም ከሰቀላችሁማ ቮሊየም ነው የጨመራችሁት!

ኤርፎኔ ቤዝ የለውም። የቱን ልጨምር?

ምንም። መጀመሪያ ጎማውን እዩት።

ባለፈው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቁጭ ብለን አንድ ጓደኛዬ ኤርፎኑን አቀበለኝ። የቤዙን መስመር፣ 62 ሄርዝን፣ +9 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያው ነው) ላይ ሰቅሎታል፣ ድምፁ ግን ቆርቆሮ ነው። «ተሸወድኩ» እያለ ያማርራል። ከኤርፎኑ ጋር የመጡት ጎማዎች ካርቶኑ ውስጥ እንዳሉ ናቸው፣ ከነላስቲካቸው። መካከለኛውን አውጥቼ ትልቁን አደረግኩለትና መልሼ ሰጠሁት። አንድ ሁለት ሰከንድ ዝም አለ፣ ከዚያ ዓይኑን አፍጥጦ ኤርፎኑን ከጆሮው ነቀለው፤ ለካ ያ ሁሉ +9 ሲጠብቅ ቆይቶ በአንዴ መጣበት። ኢኳላይዘሩን ዜሮ ላይ መለስነው፣ አለቀ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የእነዚህ ኤርፎኖች ድምፅ ማውጫ ትንሽዬ ናት። ቤዝ የምትሰጠው በጎማውና በጆሮ ታምቡራችሁ መካከል ያለችውን ትንሽ አየር እየገፋች ነው። ጎማው በደንብ ካልገጠመ ግፊቱ በክፍተቱ ያመልጣል፣ መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ ቤዙ ነው። መሞከሪያው፦ ዘፈን ክፈቱና ኤርፎኑን በጣታችሁ በቀስታ ወደ ውስጥ ጫን አድርጉት። ቤዙ ድንገት ከመጣ ችግሩ የኢኳላይዘር ሳይሆን የጎማ ነው። ግራና ቀኝ ጆሮ አንድ ዓይነት ላይሆን ስለሚችል በአንዱ መካከለኛ፣ በሌላው ትልቅ ማድረግ ነውር የለውም። ስታስገቡም ጆሯችሁን በሌላኛው እጃችሁ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ብታደርጉት ቀዳዳው ቀና ይላል፣ በደንብ ይገባል።

እነዚያ ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው?

ሄርዝ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ ነው። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ይሰማል ይባላል፤ ዕድሜ ሲገፋ ከላይ በኩል እየተቀነሰ ይሄዳል። አሥር መስመር ያለው ኢኳላይዘር ብዙውን ጊዜ 31፣ 62፣ 125፣ 250፣ 500፣ ከዚያ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ኪሎ ሄርዝ ነው። እያንዳንዱ የፊተኛው እጥፍ ነው።

በቁጥር ከማስታወስ በምታውቁት ድምፅ ማስታወስ ይሻላል። 31 እና 62 በጆሮ ከመስማት ይልቅ በአካል የሚሰማችሁ ዓይነት ነው፣ ቤዝ ጊታር ዝቅተኛዋ ክሩ 41 ሄርዝ አካባቢ ናት። የከበሮ ዱብታ ክብደት 100 አካባቢና ከዚያ በታች ነው። 250 እና 500 ላይ የድምፅ «ሥጋ» አለ። እዚህ ሲበዛ ሁሉም ነገር ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ከ1 እስከ 4 ኪሎ ድረስ ዘፋኙ ምን እንዳለ የምትሰሙበት፣ የክራር ክር ሲመታ ጠብ የምትለው፣ የማሲንቆ ጭራ ክሩን ሲፍቅ የሚሰማው ነው። 8 ኪሎ ጸናጽልና «ስስስ» ነው። 16 ኪሎ አየር ነው፣ ካልነካችሁትም አይቀየማችሁም።

በገናን ለብቻው ላንሳው፤ ጾም ሲገባ ሁሌ የሚመጣብኝ ጥያቄ አለ። «በገና ወፍራም ድምፅ ስለሆነ ቤዝ ጨምሬ ላዩን ብቀንሰውስ?» አታድርጉት። የበገና ውበት ያቺ ዝዝዝ የምትለው ንዝረት ናት። የምትመጣው ደግሞ በበርኩማው (ክሮቹ የሚያርፉበት ድጋፍ) እና በክሩ መካከል ከምትገባው እንዚራ ከምትባለው ቁራጭ ቆዳ ነው። ክሩ ቆዳዋን እየነካካ ሲንቀጠቀጥ ከመሠረታዊው ወፍራም ድምፅ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይወጣሉ። 2 እና 4 ኪሎን ስትቆርጡ እንዚራዋን ነቅላችሁ ጣላችሁ ማለት ነው። የቀረው የላስቲክ ገመድ ድምፅ ነው። ይልቅ 125 እና 250 ላይ ሁለት ሁለት ዴሲቤል ቀንሱና ስሙት።

ቤዝ ስጨምር ድምፁ ለምን ይሰነጠቃል?

ዲጂታል ድምፅ ጣሪያ አለው። የዛሬ ዘፈኖች አብዛኞቹ ገና ሲዘጋጁ ጣሪያው ሥር ተጠግተው ነው የሚወጡት። እናንተ 6 ዴሲቤል ስትጨምሩበት የሚወጣበት ቦታ የለውም፣ ጫፉ ይቆረጣል። ያ ነው ስንጥቅ ሆኖ የሚሰማችሁ።

መፍትሔው ኢኳላይዘሩ ላይ ያለው ፕሪአምፕ የሚባለው፣ ሁሉንም በአንዴ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው መስመር ነው። ትልቁ ጭማሪያችሁ +6 ከሆነ ፕሪአምፑን −6 አድርጉት። የጎደለውን በቮሊየም ትሞሉታላችሁ። ፕሪአምፕ የሌለው አፕ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ሥሩ፦ ቤዝ እንዲጎላ ከፈለጋችሁ ቤዙን ትታችሁ ሌላውን ሁሉ 3 ወይም 4 ቀንሱት፣ ቮሊየም ጨምሩ። ለጆሮ ያው ነው፣ ስንጥቅ ግን የለም።

ስለ ዴሲቤል ካነሳን፣ 3 ዴሲቤል መጨመር የሚፈልገውን ኃይል በእጥፍ ያሳድጋል፣ 10 ዴሲቤል አሥር እጥፍ። ለጆሯችሁ ግን 10 ዴሲቤል የሚሰማው እጥፍ የጮኸ ያህል ነው። +12 ላይ የሰቀላችሁት ቤዝ ያቺን ሚጢጢ ኤርፎን ምን ያህል እንደሚያስለፋት አስቡት።

«ቤዝ ቡስት»፣ «ሮክ»፣ «ፖፕ» የሚሉትን ዝግጁ ማስተካከያዎች ብመርጥስ?

ኤርፎናችሁን የማያውቅ ሰው ያዘጋጃቸው ናቸው። ለመሞከር ይሁን፣ ለመኖር ግን አይሆኑም።

ዘፋኟ «ሰው» ስትል «ሰ»ዋ ጆሮዬን ትወጋኛለች። ምን ልቀንስ?

በጣም የሚጠየቅ ነው፤ አማርኛ ደግሞ በዚህ በኩል አይራራም። ሰ፣ ሸ፣ ጸ፣ ቸ ሲደረደሩ ርካሽ ኤርፎን ላይ እንደ መርፌ ናቸው። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ሄርዝ ባለው መሃል ነው፣ ትክክለኛዋን ቦታ ግን ራሳችሁ ነው የምትፈልጓት።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ቮሊየም ቀንሱ፤ ይህቺን እንዳትዘሏት። የሚያስቸግራችሁን ዘፈን ክፈቱ። 4 ኪሎን ብቻ 5 ወይም 6 ጨምሩና ስሙ፣ መልሱት። ቀጥሎ 8ን እንደዚያው። በአንዱ ላይ «ሰ»ዋ የባሰ ጥርስ የምታፋጭ ትሆናለች። አገኛችኋት። አሁን ያንኑ መስመር ከዜሮ በታች 3 አውርዱት። ካልበቃ 4። ከ6 በላይ እየቀነሳችሁ ከሆነ ወይ ቦታውን ስታችኋል ወይ ኤርፎኑ ነው የተሳሳተው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤርፎኑ ጆሮ ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ እንደገባ 8 ኪሎ አካባቢ ያለውን ጉብታ (ድምፁ ከፍ የሚልበትን ቦታ) ያንቀሳቅሰዋል። ጎማ ስትቀይሩ፣ ወይም ትንሽ ጠለቅ ስታደርጉት ብቻ፣ መርፌዋ ቦታ ልትቀይር ወይም ልትጠፋ ትችላለች። ለዚህ ነው የጓደኛችሁ ማስተካከያ እናንተ ጆሮ ላይ የማይሠራው።

ዘፋኙ ከሩቅ፣ ከመጋረጃ ጀርባ የሚዘፍን ይመስለኛል።

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ 250 እና 500 በዝቶ ሸፍኖታል፣ ወይ 3 ኪሎ አካባቢ ጎድሏል። መጀመሪያ የበዛውን ቀንሱ። 250ን 3 አውርዱና ስሙት፣ ብዙ ጊዜ መጋረጃው ይገለጣል።

3 ኪሎ ለምን? የጆሯችን ቀዳዳ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም ቱቦ ናት። እንደ ማንኛውም ቱቦ የምታስተጋባው ድምፅ አላት፣ እሱም 3 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ዓለምን የሰማነው በዚህ ጭማሪ ነው። ኤርፎን ሲገባ ቱቦዋ ስለምትደፈን የራሷ ማስተጋባት ይቀየራል፣ ስለዚህ ጥሩ ኤርፎን ሲሠራ ያንን ጭማሪ ራሱ እንዲሰጥ ተደርጎ ነው። የኤርፎን ግራፍ (በየሄርዙ ምን ያህል እንደሚጮህ የሚያሳየውን ሥዕል) አይታችሁ «3 ኪሎ ላይ ተራራ አለ» ብላችሁ እንዳትንዱት። ተራራው መኖር ያለበት ነው።

ቤት ያማረልኝ ቤዝ ታክሲ ውስጥ የት ይሄዳል?

ሞተሩ ይበላዋል። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በሚኒባስ ሂዱ፣ የኋላ ወንበር ላይ። የሞተሩ ጉርምርምታ፣ የመኪናው ጎማ፣ የመንገዱ፣ አብዛኛው ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ነው። ከዘፈናችሁ ቤዝ ጋር አንድ ቦታ ስለተቀመጡ የጮኸው ሌላውን ይሸፍነዋል። የወያላው «ሜክሲኮ ሜክሲኮ!» ግን መሃለኛው ላይ ነው፣ እሱን የሚሸፍን ኢኳላይዘር እስካሁን አልተሠራም።

ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። ታክሲ ውስጥ ቤዝ 8 ይጨምራል፣ ቮሊየም ይሰቅላል፣ ከዚያ ያንኑ ይዞ ቤት ይገባና ጭንቅላቱን ያመዋል። ሁለት ማስተካከያ አስቀምጡ። የመንገዱ ላይ ከቤቱ ይልቅ ቤዙ 3 ዴሲቤል ቢበልጥ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ወደ ኤርፎኑ ጎማ ተመለሱ፤ በደንብ የሚገጥም ጎማ፣ በተለይ ከስፖንጅ የተሠራው፣ የውጭውን ጫጫታ ይቀንሳል። መንገድ ስትሻገሩ ግን አንዱን ጆሮ ንቀሉት፣ እባካችሁ።

ሌሊት ቀስ አድርጌ ስሰማስ ቤዙ ለምን ይጠፋል?

ይሄ የኤርፎኑ ጥፋት አይደለም፣ ጆሯችን ነው። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ከመሃለኛው ይልቅ ቤዙን በጣም ይረሳዋል። ፍሌቸርና ሙንሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1933 (እ.ኤ.አ.) ለክተው አሳይተውታል። ስለዚህ ዝቅ አድርጎ ለሚሰማ ሰው 62 እና 125 ላይ 3 ወይም 4 መጨመር ተገቢ ነው። ቮሊየም ሲጨመር ግን መልሶ ማውረድ ነው።

ፓራሜትሪክ የሚባለውስ?

የተለመደው ኢኳላይዘር መስመሮቹ ቦታቸው ላይ የተቸነከሩ ናቸው። ፓራሜትሪክ ላይ ቦታውን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፣ ምን ያህል እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ ትመርጣላችሁ፣ ስፋቱንም ትመርጣላችሁ። ስፋቱ «ኪው» ይባላል። ኪው ቁጥሩ ሲያድግ ቦታው ይጠባል። ያቺን የ«ሰ» መርፌ 6.3 ኪሎ ላይ ካገኛችኋት ኪው 4፣ −4 አድርጋችሁ ጎረቤቶቿን ሳትነኩ ታወጧታላችሁ። ለቤዝ ደግሞ ሰፋ ያለ፣ ኪው 0.7 አካባቢ። ከለመዳችሁት ወደ አሥር መስመሩ አትመለሱም።

ኢንተርኔት ላይ ለኤርፎኔ የተዘጋጀ ማስተካከያ አገኘሁ። ልመነው?

እንደ መነሻ፣ አዎ። ኦቶኢኪው የሚባል ነፃ ፕሮጀክት አለ፣ ሰዎች በመሣሪያ የለኳቸውን የብዙ ኤርፎኖች ግራፍ ወስዶ ማስተካከያ ያሰላል። የሚያነጻጽረው አብዛኛውን ጊዜ ሃርማን ታርጌት ከሚባለው ጋር ነው። ሃርማን የሚባለው የድምፅ መሣሪያ ኩባንያ ተመራማሪዎች ብዙ አድማጮችን አስቀምጠው እያሰሙ አብዛኛው ሰው የሚወደው ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሆነ አጥንተው ያወጡት ነው። «አብዛኛው ሰው» የምትለዋን ልብ በሉ። እኔ ለምሳሌ ቤዙን 2 ዴሲቤል ቀንሼ ነው የምሰማው።

ዋናው ጥንቃቄ ግን ሌላ ነው። የተለካው ኦርጂናሉ ነው። እኛ ጋ የሚሸጠው ስሙንና ካርቶኑን ብቻ የተዋሰ ኮፒ ከሆነ፣ የሌላ ሰው የዓይን መነጽር እንደማድረግ ነው።

ስልኬ ላይ የት አገኘዋለሁ?

ሳምሰንግ ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ሳውንድ ኤንድ ቫይብሬሽን፣ ከዚያ ሳውንድ ኳሊቲ ኤንድ ኢፌክትስ ውስጥ ነው። ሌሎች አንድሮይዶች ላይ የድምፅ ሴቲንጉን ቆፍሩት፣ ከሌለ ዌቭሌት የሚባለው አፕ የኦቶኢኪውን ማስተካከያዎች ይዞ ይመጣል። አይፎን ላይ ሴቲንግ ውስጥ (አዲሶቹ ላይ አፕስ የሚለው ውስጥ ገብቶ) ሙዚክ የሚለው ሥር «ኢኪው» አለ፣ ግን የሚሠራው ለራሱ ሙዚክ አፕ እንጂ ለዩቲዩብ አይደለም። ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ኢኳላይዘር ኤፒኦ የሚባለው፣ ፒስ ከሚባለው ማዘዣ ገጹ ጋር፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው።

አንዱን ብቻ ተጠቀሙ። ዘፈን መክፈቻው አፕ ላይ አንድ፣ ስልኩ ላይ አንድ፣ የብሉቱዝ ኤርፎኑ አፕ ላይ አንድ ሆኖ ቤዝ ሦስት ጊዜ የተጨመረበት ስልክ አይቻለሁ። ባለቤቱ ሁለቱን ጭራሽ አያውቃቸውም ነበር።

ከድሮ ካሴት የተገለበጡ፣ ቴሌግራም ላይ የሚገኙ ዘፈኖችን ማዳን ይቻላል?

በከፊል። የካሴቱ ሹሹታ ጎልቶ የሚሰማው ላይኛው ላይ ነው፣ 8 ኪሎን 3፣ 16ን እስኪጠፋ ብትቀንሱ ይቀላል፣ ጸናጽሉም አብሮ ትንሽ ይሄዳል። 16 ኪሎን መጨመር ግን ትርፍ የለውም፤ በ128 ኪሎቢት የታመቀ ኤምፒ3 ብዙ ጊዜ ከ16 ኪሎ ሄርዝ ወዲያ ያለውን ጥሎታል። የሌለ ነገር አይጨመርም። ለእንዲህ ዓይነት ዘፈን እኔ የምነካው 400 አካባቢን ነው፣ 3 ቀንሼ። ሣጥን ሣጥን የሚለው ይሄድለታል።

የኤርፎኔ አንደኛው ጆሮ ድምፁ ቀነሰብኝ። በኢኳላይዘር ይስተካከላል?

ጫፉን አገላብጣችሁ በብርሃን እዩት። ወንፊቱ በጆሮ ኩክ ተደፍኖ ነው፣ ከአሥር ዘጠኙ ይሄ ነው (ቁጥሩ የኔ ግምት ነው፣ ግን ብዙ ወንፊት አይቻለሁ)። ጎማውን አውልቁ፣ ወንፊቱን ወደ መሬት ደፍታችሁ በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ እያላችሁ ጥረጉት። ውኃ አይነካው፣ መርፌም አታስገቡ።

ጥሪ ላይ ድምፁ ለምን ይበላሻል?

ብሉቱዝ ማይክ ሲከፍት ወደ ጥሪ ዘዴው ይቀየራል፣ ድምፁ ይጠባል። ኢኳላይዘር አይመልሰውም።

ስንት ላይ አድርጌ ብሰማ ጆሮዬ አይጎዳም?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ለልጆች 75። በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፦ 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10። ኢኳላይዘር ላይ የምትጨምሩትም ከዚሁ ሒሳብ ውስጥ ነው።

ደግሞ አንድ ማታለያ አለች። ሁለት ድምፅ ሲነጻጸር ትንሽ የጮኸው ሁሌ የተሻለ ይመስላል። ኢኳላይዘሩን አብርታችሁ አጥፍታችሁ ስታነጻጽሩ መጀመሪያ ቮሊየሙን አስተካክሉት፣ አለበለዚያ ያሸነፈው ጩኸቱ ነው።

ስልክ ብቀይር ማስተካከያዬ አብሮኝ ይመጣል?

በብሉቱዝ ኤርፎኑ በራሱ አፕ የሠራችሁት ከሆነ ብዙ ጊዜ ኤርፎኑ ላይ ይቀመጣል፣ አብሮ ይመጣል። በስልኩ ሴቲንግ የሠራችሁት ግን እዚያው ይቀራል። ስክሪንሾት አንሱትና ለራሳችሁ ላኩት።